ሩጫ ለመጀመር የት ይሻላል? መስቀል አደባባይ፣ ጃን ሜዳ፣ እንጦጦ ወይስ ጂም

የሩጫ አገር ሰው መሆን ለጀማሪ ሯጭ አይመችም። ገና ከሰፈር ሳትወጡ መንገደኛው ሁሉ አሠልጣኝ ይሆንባችኋል። እኔ በጀመርኩ ሰሞን የታክሲ ረዳቶች «አይዞሽ ደራርቱ!» ይሉኝ ነበር። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያገኘችው 10 ሺህ ሜትር ሮጣ ነው። እኔ ስሟን የተሸለምኩት 600 ሜትር ሮጬ የሰው አጥር ተደግፌ ሳቃስት ነው።

ችግሩ ወዲህ ነው። አብዛኞቻችን ሩጫ የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። ከዚያም ውስጥ ትዝ የሚለን የመጨረሻው ዙር ነው፤ ደወሉ ተደውሎ ቀነኒሳ ሲፈተለክ። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ወጥተን የምንሮጠው ያንን ዙር ነው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተናል። በሳልስቱ ቱታው ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል።

አትሌቶቹ ግን ብዙውን ልምምዳቸውን እንዲያ አይሮጡም። አንድ ቀን ማለዳ እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ሄዳችሁ እዩዋቸው። አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ፣ ሳይጣደፉ ይሄዳሉ። ሣርና ለስላሳ አፈር ይመርጣሉ። አስፋልት የሚወጡት በተመረጠ ቀን ነው። እንግዲህ ከእነሱ መኮረጅ ካለብን የውድድራቸውን ቀን ሳይሆን የቀላል ልምምድ ቀናቸውን ነው መኮረጅ ያለብን።

ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ከነገ ወዲያ ተመልሼ እመጣለሁ ወይ? አብዛኛው ምሳሌ የአዲስ አበባ ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ።

መጀመሪያ ስለ አየሩ

የአዲስ አበባ መሀል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ሲታለፍ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። እዚህ የኖረ ሰው ደሙ ስለለመደው በእርምጃ አይታወቀውም። ሲሮጥ ግን ይታወቀዋል።

ይህን የማነሳው ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶቻችንም ብዬ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ 5 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የሚሮጥ ሰው እዚህ መጥቶ ሁለት ላይ ሲቆም «አረጀሁ እንዴ?» ይላል። አላረጀም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በእርምጃ ያሳልፍ፤ ከዚያ ከወትሮው ቀስ ብሎ ይጀምር።

መስቀል አደባባይ

ከተማው ውስጥ «ስፖርት ልሠራ ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቦታ ነው። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሥሩ የመኪና ማቆሚያ ከመሆኑ በፊት እርከኖቹ አፈር ነበሩ። ከታች ጀምሮ እያንዳንዱን እርከን ከዳር እስከ ዳር እየሮጡ ወደ ላይ መውጣት የድሮ የአዲስ አበባ ልማድ ነው። አሁን መሬቱ ጠንካራ ነው። ልማዱ ግን አልጠፋም።

ጥሩ ጎኑ ሰው ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ስትደርሱ ቦርጫም አለ፣ ቀጭን አለ፣ ሐኪም ያዘዘው አለ፣ ሰርግ የደረሰባት አለች። በቡድን የሚያፍታቱም አሉ። ማንም ማንንም አያይም። ለሴት ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻዬን ብሄድም ብቻዬን አይደለሁም። ትራንስፖርቱም ከየትም አቅጣጫ አይጠፋም።

መጥፎ ጎኑ ሁለት ነው። አንደኛው መሬቱ ነው። ሲሚንቶ ላይ ሦስት ሳምንት ያለ እረፍት ስሮጥ የፊት ቅልጥሜ ላይ ሕመም ጀመረኝ። ሁለተኛው ደረጃው ራሱ ነው። ደረጃ ሲያዩ ሮጦ መውጣት ያምራል፤ ከጎን ያለው ወጣት እየዘለለ ሲወጣ ደግሞ እልህ ይይዛል። ደረጃ መሮጥ ለጀማሪ አይደለም። መውጣቱ ልብ ይፈትናል፣ መውረዱ ጉልበት ይበላል። እርከኑን አግድም ብቻ ሩጡበት። ወደ ላይ ስትሸጋገሩ ተራመዱ።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ በዓልና ትልቅ ስብሰባ ሲኖር ቦታው ይዘጋል። መስከረም ላይ ለደመራ ዝግጅት ሲጀመር ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ጃን ሜዳ

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ስለዚህ ትንሽ ባዳላ አትፍረዱብኝ።

ጃን ሜዳ ከስድስት ኪሎ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ጥምቀት የሚከበርበት፣ የገና ጨዋታና የፈረስ ውድድር የሚካሄድበት፣ አትሌቶቻችን በአገር አቋራጭ ውድድር ሲፋለሙበት የኖረ ቦታ ነው። በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር። ያኔ ሽንኩርትና ቲማቲም ተቆልሎበት ያየ ሰው ተመልሶ ሜዳ ይሆናል ብሎ አላሰበም። ለ2013ቱ ጥምቀት ተጠርጎ ደረሰ።

መሬቱ አፈርና ሣር ነው። እግር ሲያርፍበት ይቀበላል። ሜዳው ደልዳላ ስለሆነ የምትሮጡትን ፍጥነት ዳገቱ ሳይሆን እናንተ ትወስናላችሁ። ለጀማሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ዙሩን ለመቁጠርም ይመቻል። እኔ የጀመርኩት ዙሩን ግማሽ ሶምሶማ፣ ግማሽ እርምጃ እያደረግሁ ነው።

እዚያ ነው የሩጫ ትምህርቴን ያገኘሁት። በሁለተኛው ቀኔ እየተንገበገብኩ ሳልፍ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት፣ ከዘራቸውን ይዘው እየተራመዱ፣ «ልጄ፣ ማን እያባረረሽ ነው?» አሉኝ። ቆሜ ሳቅሁ። «እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምመጣው። አንቺን ግን ነገ የማገኝሽ አይመስለኝም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ለስድስት ቀን አልተመለስኩም።

ጉድለቱን ላውራ። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ይጨቀያል። ጭቃው ጫማ ሥር ተለጥፎ እግራችሁን የበሬ እግር ያደርገዋል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኳስ ተጫዋች ይሞላዋል፤ ሜዳው ዳር ዳሩን ካልሄዳችሁ ኳስ ጭንቅላት ላይ ያርፋል። መሬቱ ላይ ጉድጓድ ስላለ ዓይን ከእግር ፊት ፊት መሄድ አለበት። ገና ሳይነጋ መሮጥ እዚያ ቁርጭምጭሚት ማጠፍ ነው።

እንጦጦ

ሁሉም የሚያደንቀው ቦታ ነው። በ2013 ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ተሠርቷል፣ ማረፊያም ሞልቷል። የባሕር ዛፉ ሽታ ብቻውን ያድናል። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዞ መውጣት ይቻላል።

ግን ለጀማሪ? እኔ አልመክርም፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት። ምክንያቱ ሦስት ነው። ከፍታው አንድ። ዳገቱ ሁለት፤ ሜዳ የሚባል ነገር ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ሦስተኛው መንገዱ ነው። ቤታችሁ እዚያው አካባቢ ካልሆነ ለ25 ደቂቃ ሩጫ ሁለት ሰዓት መመላለስ ነው። ይህን በሳምንት ሦስት ቀን የሚያደርግ ሠራተኛ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ትሄዳላችሁ፣ ፎቶ ትነሣላችሁ፣ በቃ።

ብቻችሁን ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ጫካ ውስጥ አትግቡ። በማለዳ ጅብም አለ፣ ለሴት ደግሞ ከጅብ ሌላ የሚያሠጋም አለ።

እንጦጦን ለቅዳሜ አስቀምጡት። ለሩጫ ሳይሆን ለረጅም የእግር ጉዞ። ዳገት በፈጣን እርምጃ መውጣት ልብንና ባትን ከሶምሶማ ባልተናነሰ ያሠራል። እኔ አንድ ቅዳሜ እዚያ ባዶ እጄን እያለከለክሁ ስወጣ የማገዶ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ አገኘሁ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። «በርቺ» ብለውኝ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ደከመኝ ስል ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

የሰፈር መንገድ

ከቤት ደጃፍ የሚጀምር ሩጫ ትልቅ ጥቅም አለው። ታክሲ የለም፣ ሰበብ የለም። ግን እንደ መንገዱ ነው።

በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዚህ ጥሩ ሆነዋል። ደልዳላ ናቸው፣ መብራት አላቸው፣ ማታም ሰው አይጠፋባቸውም። መሬታቸው ግን ጠንካራ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እንጂ ሁልጊዜ እዚያ አትሩጡ። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ጨርሶ አትሩጡ፤ ተራመዱበት። ድንጋዩ ወጣ ገባ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት በየእርምጃው ይወላገዳል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሳሙና ነው። የሰፈር ኮሮኮንች፣ አቧራውን ከቻላችሁት፣ ከኮብሉ ይሻላል።

ውሻን ሳልጠቅስ አላልፍም። ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል የአዲስ አበባ ጎዳና የውሾች ነው። ውሻ ሲመጣ አትሩጡ። ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደሱ አድርጉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሡ ምሰሉ። የአገራችን ውሻ ይህን ቋንቋ ጠንቅቆ ያውቃል።

በየወሩ መጨረሻ እሁድ መንገዶች ለመኪና የሚዘጉበት «መንገድ ለሰው» የሚባል ፕሮግራም በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። በሰፈራችሁ ሲኖር አያምልጣችሁ። ያለ መኪና ጭስ መሀል አስፋልት ላይ መሮጥ ራሱን የቻለ ደስታ ነው።

ጂም ውስጥ ያለው ማሽን

የመሮጫ ማሽንን የሚንቁ ሯጮች አሉ። እኔ አልንቀውም። ዝናብ የለ፣ ውሻ የለ፣ «ደራርቱ» የሚል የለ። ፍጥነቱን በቁጥር ትመርጣላችሁ። ለጀማሪ ይህ ወርቅ ነው፤ ራሱን መግታት የማይችል ሰው ማሽኑ ይገታዋል። በሰዓት 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ላይ ተራመዱ፣ 7 ወይም 8 ላይ ሶምሶማ ሞክሩ። ባሕረ ሰላጤው አገራት ውስጥ ላሉ እህትና ወንድሞቻችን ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት ቅንጦት ሳይሆን ብቸኛው ጤነኛ ምርጫ ይሆናል።

ጉዳቱ ገንዘብ ነው። ወርሃዊ ክፍያው የአንድ ጥሩ ጫማ ዋጋን በጥቂት ወራት ይበላል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ እናንተ ግን አትቆሙም፣ እና እዚያ ላይ ነው አደጋው። ስትወድቁ ማሽኑን የሚያቆም፣ ልብስ ላይ የሚሰካ የደኅንነት ገመድ ካለውም ሰኩት። ደግሞም ይሰለቻል። 20 ደቂቃ ግድግዳ እያዩ መሮጥ ለአንዳንዱ ጸሎት ነው፣ ለእኔ እስር ቤት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዓመት ሙሉ የሚያስከፍል ጂም ውስጥ ለመግባት አትቸኩሉ። እኔ አንዱ ጋ የስድስት ወር ከፍዬ ያለው አንድ ማሽን ለአራት ወር «ዕቃ ከውጭ እየመጣለት ነው» ሲባል ከረመ። በወር በወር ክፈሉ።

ከአምስቱ ምረጡ ካላችሁኝ፣ ክረምት ካልሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ጃን ሜዳ ወይም እንደሱ ያለ የሰፈር ሣር ሜዳ፣ አንድ ቀን የቤት አካባቢ። ሜዳ ቅርባችሁ ከሌለ መስቀል አደባባይ። ክረምት ላይና የሚያስቸግር ሰፈር ለሚኖር ሰው ማሽን። እንጦጦ ለቅዳሜ እርምጃ።

ሳያቋርጡ መሮጥ ወይስ እየተራመዱ?

እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እየተራመዱ።

«መራመድ ሽንፈት ነው» የሚል ሐሳብ አለ። ሰውነታችን ግን እንዲህ አያስብም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው በሦስተኛው፣ በአራተኛው ሳምንት የሚጎዳው ለዚህ ነው። ትንፋሹ «አሁንማ እችላለሁ» ይለዋል፣ ቅልጥሙ ገና አልደረሰም። የእኔ ቅልጥም ታሪክም ይሄው ነው። ሲሚንቶውን ወቀስኩ እንጂ ዋናው ጥፋት የእኔ ችኮላ ነበር።

እንዲህ ጀምሩ። አምስት ደቂቃ ፈጣን እርምጃ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን ስምንት ጊዜ። በመጨረሻ አምስት ደቂቃ ቀስ ያለ እርምጃ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሀል አንድ አንድ ቀን እያረፉ። ሳምንቱ ከቀለላችሁ የሶምሶማውን ጊዜ በግማሽ ደቂቃ ከፍ አድርጉ። ከከበዳችሁ ያንኑ ሳምንት ድገሙት፤ የሚቀጣችሁ የለም።

ዓለም ላይ በጣም የታወቀው የጀማሪ ዕቅድም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ጆሽ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ በ1996 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ከሶፋ እስከ 5 ኪሎ ሜትር» የሚባለው ማለቴ ነው። ዘጠኝ ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን። እኔ ዘጠኙን ሳምንት በአሥራ አራት ነው የጨረስኩት። በዚህ ከፍታ ላይ ዘጠኝ ሳምንት ካልበቃችሁ አትደንግጡ።

ፍጥነት እንዴት ይታወቃል? ሰዓት አያስፈልግም። እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለባችሁ። እኔና ጓደኛዬ የምንለካው በኑሮ ውድነት ነው። ስለ ዘይት ዋጋ ማማረር ካቃተን ፈጥነናል ማለት ነው።

ርቀት ከመቁጠር ደቂቃ መቁጠር ይሻላል። ስትራቫን የመሰሉ መተግበሪያዎች ደስ ይላሉ፤ ግን መጀመሪያ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ያፎካክሯችኋል። ከሁለት ወር በኋላ ጫኑት።

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ችግር ያለበት፣ ወይም ዓመታት ያለ እንቅስቃሴ የቆየ ሰው ግን ከጫማው በፊት ሐኪም ጋ ይሂድ። እየሮጡ ደረት የሚጨመድድ፣ ራስ የሚያዞር ነገር ከመጣ ያን ቀን ያበቃል።

ጫማ፤ አዲስ፣ ፎርጅድ ወይስ ሰልባጅ?

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ይህን ታሪክ እየጠቀሰ «ጫማ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አበበ ጫማውን የተወው ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠና ያንንም አሸነፈ። ደግሞም ያ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶው የሮጠ እግር ነው። የቢሮ እግር ሌላ ነው።

አዲስና ኦሪጅናል ጫማ ውድ ነው፤ ይህን ለማንም መንገር አይጠበቅብኝም። በጀቱ ያለው ይግዛ። ዋጋው ከፍ ስላለ ግን ለጀማሪ ይበልጥ ይሻላል ማለት አይደለም። የውድድር ጫማ ቀላልና ስስ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የልምምድ ጫማ ጠይቁ።

ፎርጅዱን ራቁ። መልኩ ያው ነው፣ ሶሉ ግን ላስቲክ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ገዝቻለሁ። ምልክቱ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር፤ ያየሁት ቤት ገብቼ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ሲነካው ሶሉ አፉን ከፈተ። ከጃን ሜዳ እስከ ታክሲ እያጨበጨበ ሸኘኝ።

ስለዚህ በፎርጅድ አዲስና በኦሪጅናል ሰልባጅ መካከል ከሆነ ምርጫው፣ ሰልባጁን ውሰዱ። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ እንዲህ ፈትሹ። ጫማውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞው ባለቤት አካሄድ ተቀርጾበታል፣ ተዉት። ሶሉን ከጎን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ገባ ብሎ መመለስ አለበት። እንደ ድንጋይ ከደረቀ አርጅቷል። ከዚያ እጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ጋ ነው። መሀሉ ላይ እንደ ጋዜጣ ከታጠፈ አይሆንም። የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሠራል ይባላል፤ ሰልባጅ ከዚያ ላይ ምን ያህሉ እንደሄደ ማንም አይነግራችሁም። ዋጋ ስትከራከሩ ይህን አስቡ።

ለመግዛት ከሰዓት በኋላ ሂዱ። እግር ወደ ማታ ያብጣል፣ ስትሮጡም ያብጣል። ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ልክክ ያለ ጫማ ጥፍር ያጠቁራል።

ለሴቶች አንድ ነገር። ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ፣ ጥሩ የስፖርት ጡት ማስያዣ ከጫማ ይቀድማል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔ እየነገርኳችሁ ነው።

ማለዳ ወይስ ማታ?

ማለዳ አየሩ ንጹሕ ነው፣ መኪናው አልተነሣም፣ አለቃም አልደወለም። ያለ ቁርስ ግማሽ ሰዓት ሶምሶማ ችግር የለውም። ተመልሳችሁ በሶ ወይም ቂንጬ። ጉዳቱ ብርዱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከብርድ ልብስ መውጣት ከሩጫው ይከብዳል። ሲነጋ ጠብቁ እንጂ በጨለማ አትውጡ።

ማታ ሰውነት ሞቋል፣ ይፍታታል። ግን ስብሰባ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ። ምሳ ጠገብ ካላችሁ ደግሞ ውጋት ይይዛል፤ ከከባድ ምግብ በኋላ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ይለፍ። ክረምት ላይ ከሰዓቱ ዝናብ ስለማያስተማምን ማለዳ ይሻላል።

በጾም ወቅት የሚጾም ሰው ከማፍጠሪያው ሰዓት ጋር ያስማማ። የዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን፣ ካፈጠሩ በኋላ ቀለል ያለ ሩጫ ወይም ከማፍጠሩ ጥቂት ቀደም ብሎ እርምጃ ይበቃል። አዲስ ነገር ለመጀመር ግን ጾም ጥሩ ወቅት አይደለም፤ ያለውን ማቆየት ይሻላል።

ብቻ ወይስ ከሰው ጋር?

አትሌቶቻችን በቡድን ነው የሚሮጡት። አንዱ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ለእኛ ግን የሚመረጠው ጓደኛ ፈጣኑ አይደለም። እኩያችሁን ወይም ትንሽ ቀርፋፋውን ፈልጉ። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት የአጎቴን ልጅ ነበር፤ ኳስ ተጫዋች ነው። ወደ ኋላ እየሮጠ ያወራኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ቻልኩት። አሁን አብራኝ የምትሮጠው የቢሮ ባልደረባዬ ናት። እሷ ስትቀር እቀራለሁ፣ እኔ ስቀር ትቀራለች፤ ስለዚህ ሁለታችንም አንቀርም።

የመጀመሪያ ውድድር፤ 5 ወይስ 10 ኪሎ ሜትር?

ቀን የተቆረጠለት ነገር ሲኖር ከአልጋ መነሣት ይቀላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለጀማሪ ሁለት ጥሩ ውድድሮች አሉ።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር በ10 ሺህ ሰው ተጀመረ። የመጀመሪያውን ያሸነፈው መሥራቹ ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ነው። አሁን የተሳታፊው ብዛት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሩጫው ግን ከፊት ላሉት ነው። ከኋላ ያለው ጭፈራ ነው። የሚዘፍን አለ፣ የሚራመድ አለ፣ መሀል መንገድ ቆሞ ፎቶ የሚነሣ አለ። «ጊዜዬን አሻሽላለሁ» ብሎ ከኋላ የተሰለፈ ሰው ሲበሳጭ ይውላል። ለመጨረስ ብቻ ከሆነ ግን ከዚህ የሚቀል 10 ኪሎ ሜትር የለም፤ ሕዝቡ ይገፋችኋል።

ለሴቶች ደግሞ መጋቢት ላይ «ቅድሚያ ለሴቶች» የሚባለው 5 ኪሎ ሜትር አለ። እናት፣ ልጅ፣ አያት ሳይቀር የሚሮጡበት ነው። እኔ የጀመርኩት በሱ ነው፤ ለሴት አንባቢ ያለ ማመንታት እሱን እመክራለሁ። ለወንዶች በየጊዜው የሚዘጋጁ አጫጭር ሩጫዎች አሉ። ካልተገኘ ጃን ሜዳ ላይ የራሳችሁን 5 ኪሎ ሜትር ሩጡ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ታኅሣሥ ላይ የጀመረ ሰው ለመጋቢቱ 5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ለዚያውም ሁለት ሳምንት ታሞ። ከፋሲካ በኋላ የጀመረ ኅዳርን ማሰብ ይችላል። ክረምቱን ግን በጭቃ ይሁን በማሽን እንዴት እንደሚያልፈው ከአሁኑ ይወስን። መስከረም ላይ ተነሥቶ ለኅዳር 10 ኪሎ ሜትር የሚዘጋጅ ሰው እየተራመደ ሊጨርስ ይችላል። ያም ቢሆን ቲሸርቱ ያው ነው።